የአንዲት እናት ጀርባ

ሐረር ላይ ለብዙ ዘመን «እጃችሁን ታጠቡ» እያልሁ አስተማርሁ፤ ውሃው የሚመጣበትን የሐረማያን ሐይቅ ግን አላሰብሁትም። ሰው በዛ፤ በዙሪያው ያለው ተራራ ተራቆተ፤ አፈሩ ታጥቦ ወደ ሐይቁ ገባ፤ ጫትና አትክልት ለማጠጣትም ውሃው በሞተር ተሳበ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ ውሃው መመለስ የጀመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? አንዱ የእርዳታ ድርጅት ስለ ዛፍ፣ ሁለተኛው ስለ ጤና፣ ሦስተኛው ልጅን አራርቆ ስለ መውለድ ሊመክር ለየብቻው ወደ አንዲት ባላገር እናት ደጅ ይመጣል። እንጨቱን፣ እንስራውንና ሕፃኑን የምትሸከምበት ጀርባ ግን አንድ ነው። ሸክሟን ሳያቃልሉ «ለምን ይህን ያህል ወለድሽ?» ብሎ መውቀስ፣ ውሃ በሌለበት «ታጠቡ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ከመምከራችን በፊት የትኛው ሸክም እንደ ከበዳት እንጠይቃት።