ሳይነካ የተመለሰ ውሃ

ለመንገድ የተያዘ ውሃና ነዳጅ ሳይነካ ቢመለስ ኢስራፍ ይባላልን? ወይስ የተወኩል ማነስ ነው? አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና የአውስትራሊያን በረሃ ሊያቋርጥ ያሰበ ቤተሰብ በጀት ሲያወጣ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። ከፖርት አውጉስታ እስከ ዳርዊን 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢፈጅ ለመሄጃው ብቻ 405 ሊትር ነዳጅ ይፈልጋል፤ ያውም ከከተማ በራቁ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል። የኪራይ መኪና ከሆነ ውሉ በደንብ ይነበብ፤ አስፋልት ከሌለው መንገድ መግባት ብዙ ጊዜ የተከለከለ ነው።

ለአራት ሰው፣ በቀን ለነፍስ ወከፍ 10 ሊትር፣ የሦስት ቀን መጠባበቂያ ቢታሰብ 120 ሊትር ውሃ ይሆናል። ቆጣቢ አባወራ መጀመሪያ መቀነስ የሚያምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን መኪናው በረሃ ላይ ቢቆም የሚጠማው እርሱ ብቻ አይደለም። ልጆቹ አብረውት አሉ፤ ፍለጋ የሚወጡትም ሰዎች በዚያው ሙቀት ውስጥ ነው የሚንከራተቱት። ስለዚህ መጠባበቂያው የሌሎች ሐቅ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ ጀምሮ በዚህ በረሃ ጭነት ያመላለሱት ሙስሊም ግመለኞች (ሁሉም ከአፍጋኒስታን ባይመጡም «አፍጋን» ይባሉ ነበር) በማሪ መስጊድ ሠርተዋል። ሰጋጆች ነበሩ፤ ይሁንና የሚጓዙት ውሃ ያለበትን እየተከተሉ ነበር።

ገንዘቡ ካልበቃ ከ120ው ሊትር ሳይሆን ከመንገዱ ይቀነስ። አሊስ ስፕሪንግስ ደርሶ መመለስም ቢሆን ረጅም ጉዞ ነው።