ቁጥር ዘርን ይወስናልን?

የሰው የአካል ህዋስ 46 ክሮሞዞም ሲይዝ፣ እንቁላልና የወንድ ዘር ግን 23፣ 23 ብቻ ይዘው ይገናኛሉ። ለምን ግማሽ? መልሱን ያለ አጉሊ መነጽርም በስሌት ማግኘት ይቻላል። ሁለቱም ሙሉውን ይዘው ቢመጡ ልጅ 92፣ የልጅ ልጅ 184 ይኖረው ነበር፤ በ10ኛው ትውልድ ቁጥሩ 47,104 ይደርሳል። የምናየው ግን ይህን አይደለም፤ የልጅ ቁጥር የአያት ቁጥር ነው። እንግዲህ ከመደመር በፊት መክፈል ግድ ይላል። ቤልጂጋዊው ኤድዋርድ ቫን ቤኔደን እ.ኤ.አ. በ1883 በፈረስ አንጀት ትል ጽንስ ላይ ሁለት ክሮሞዞም ከእናት፣ ሁለት ከአባት ሲዋጣ አየ፤ ከ4 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው አውጉስት ቫይስማን ቅነሳው የግድ መኖር እንዳለበት በምክንያት አስረዳ።

አንድ ተከራካሪ ንብን ይጠቅስ ይሆናል። ንግሥቲቱ 32 ክሮሞዞም አላት፤ ድንጉላው ንብ ግን የወንድ ዘር ካልነካው እንቁላል ስለሚፈለፈል 16 ብቻ አለው። ዘሩንም ሲያዘጋጅ ሳይከፍል 16ቱን እንዳለ ያስተላልፋል። ይህ ሕጉን ያፈርሳልን? አያፈርስም። 16 ከ16 ሲገናኝ ሴቷ ንብ እንደገና 32 ይኖራታል። ሕጉ የሚጠብቀው ድምሩን ነው፤ መክፈል መንገዱ እንጂ ግቡ አይደለም። አስቀድሞ ግማሽ የሆነ የሚከፍለው የለውም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ቁጥር በዝርያና በዝርያ መካከል የቆመ አጥር ነውን? ነው የሚሉ በቅሎን ይጠራሉ፤ አባቷን ሲጠይቋት አጎቷን ፈረስ የምትጠራውን። ባዝራ 32፣ ድንጉላ አህያ 31 ያዋጣሉ፤ በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች። ጠንካራ ናት፤ ነገር ግን ከስንት አንዴ ካልሆነ አትወልድም። 63 ለሁለት እኩል ስለማይከፈል ነው ይላሉ።

ክርክሩ ያሳምናል፤ ሌሎች እንስሳትን ስንጨምር ግን ይፈርሳል። ላም 60፣ ፍየልም 60 አላቸው፤ ቁጥራቸው ገጥሞ ሳለ አይዋለዱም። ፕሬዝዋልስኪ የተባለው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ 66፣ የቤት ፈረስ 64 አላቸው፤ የሁለቱ ውላጅ ጎዶሎውን 65 ይዞ ይራባል። እኩልነት ካላዋለደ፣ ጎዶሎነትም ካላመከነ፣ ምክንያቱ ከቁጥር ሌላ መሆን አለበት።

ምክንያቱ መጣጣም ነው። የአካል ህዋስ ሲባዛ እያንዳንዱን ክሮሞዞም ለየብቻው ይገለብጣል፤ ስለዚህ በቅሎ ታድጋለች፣ ትጫናለች። የዘር ህዋስ ሲሠራ ግን ከእናት የመጣው ክሮሞዞም ከአባት የመጣውን አቻውን አግኝቶ ጎን ለጎን መቆም አለበት። በሁለቱ ፈረሶች ዘንድ ቅደም ተከተሉ ስለሚቀራረብ የአንዱ ረጅም ክሮሞዞም ከሌላው ሁለት አጫጭሮች ጋር ይገጥማል። የፈረስና የአህያው ግን በብዙ ቦታ የተገለባበጠ ነውና አቻ ለአቻ መቆም ይቸግራቸዋል።

ስለዚህ ሰው 46፣ ድንች 48፣ ውሻ 78 መሆናቸው የማዕረግ ተራ አይሰጥም፤ የመዋለድንም ድንበር አያሰምርም። ቁጥሩ የሚነግረን ውርስ በስንት ጥቅል እንደታሰረ ነው፤ ሁለት ውርሶች መስማማት አለመስማማታቸውን ለማወቅ ግን ጥቅሉን ፈትቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል።