ለወታደሩ ልጄ

ልጄ፣ ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥተህ ሠራዊት ብትገባም ዜግነትህ ካምፑ በር ላይ አይቀርም። የተወካዮች ምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ እንደሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ደንግጓል፤ አንተም ከዚያ ሕዝብ አንዱ ነህ። ደመወዝህ ቢዘገይ፣ ቆስለህ ሕክምና ብታጣ፣ የወደቀ ጓድህ ቤተሰብ ጡረታው ቢጓተትበት ዝም በል አልልህም። አነጋገርህን ግን አደራ።

ጥር 1966 ነጌሌ ቦረና የሆነውን አስብ። የ4ኛው ብርጌድ ወታደር ምግቡ የማይበላ፣ ውሃው የማይጠጣ ነበር፤ ፓምፑ ቢበላሽበት ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዳ ተከለከለ። አቤት ቢል ሰሚ አጣ። አለቆቹን አሰረ፤ ሊያረጋጉት የተላኩትን ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዞ የራሱን ቀለብ አበላቸው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ነበር። የዚያ ወታደር ጥም እዚያ ደርሶ መነጋገሪያ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እቆጫለሁ። ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ምክር ቤቱ ራሱ ተዘጋ፤ ገበሬውም ወታደሩም አቤት የሚልበት ደጅ አጣ።

መስከረም 30 ቀን 2011ም የደመወዝ ጥያቄ ይዘው ከነትጥቃቸው ወደ ቤተ መንግሥት የሄዱ ወታደሮች ነበሩ። ኑሮው እንደከበዳቸው አልጠራጠርም፤ ሆኖም ከመካከላቸው በወታደራዊ ፍርድ ቤት እስራት የተፈረደባቸው አሉ። መሣሪያ የያዘ ሰው አቤቱታ፣ ለሚሰማው ማስፈራሪያ ነው።

እናም መጀመሪያ በዕዝ ሰንሰለትህ አመልክት። በጽሑፍ፣ በስምህ፣ ቀን አስፍረህ፤ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጎ ቁጥር ሲሰጠው ግልባጩን አስቀር። መልስ ካጣህ ለአካባቢህ ተመራጭ ወይም መከላከያን ለሚከታተለው ቋሚ ኮሚቴ ጻፍ። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ ይበቃል። ክፍልህ ያለበትን ቦታ፣ የሰውና የመሣሪያ ብዛት አትጥቀስ። ስለ ፓርቲ አንዲት ቃል አታስገባ፤ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ይሁን ይላል፤ አንተ ይህን ከጠበቅህ በደልህን በጎራ የሚመነዝረው አይኖርም። የእንባ ጠባቂ ተቋምም አለ፤ ነገር ግን በ1992 ሲቋቋም ሠራዊቱ በአገር መከላከያ ጉዳይ የሚሰጠው ውሳኔ ከሥልጣኑ ውጭ ስለተደረገ፣ ያንተ ጉዳይ ይመለከተው እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።

ፈቃድ አጥተህ ተመራጩን በአካል ማግኘት ካልቻልህ እናትህ ትሂድልህ። ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ተመራጮች ወደ ሕዝቡ የሚወርዱበት ጊዜ ነው። የጉና ተራራ በጉም የሚሸፈንበት፣ መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት ክረምት ቢሆንም፣ አገር ሰላም ከሆነ ስብሰባው ላይ ትገኝ። ከሕዝቡ መካከል ተነሥታ ስምህን፣ ያመለከትህበትን ቀንና የገቢ ቁጥሩን ትናገር፤ መልሱ መቼ እንደሚደርሳት ቀን ታስቆርጥ። ቀኑ ካለፈ፣ መስከረም መጨረሻ ምክር ቤቱ ሲከፈት፣ የፊተኛውን ቁጥር ጠቅሰህ ሁለተኛውን ደብዳቤ ላክ።