ትዳር በምን ይመሰከራል?

ሰው ቃል የሚገባው ስለ ነገ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ስለ ትናንት ነው። ትዳር ከቃል ኪዳን ወገን በመሆኑ፣ «ይህ ጋብቻ እውነተኛ ነውን?» ብሎ የሚጠይቅ ሁሉ ገና ያልሆነውን በሆነው ሊመዝን ይነሣል። ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ ቢሆን ኖሮ በመጻሕፍት መካከል በተውነው ነበር። ዳሩ ግን በቆንስላ መስኮት ፊት የሚቀርብ፣ ባልና ሚስትን የሚያገናኝ ወይም የሚለያይ ጥያቄ ነውና ልናልፈው አንችልም።

ነገሩን ለመመርመር ከአዳይቱ እንነሣ። አዳይቱ በአዋሽ ሸለቆ፣ ከገዋኔ ወደ ሚሌና ሰመራ በሚያልፈው የጂቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቀን ከሌት የጭነት መኪና ያልፍባታል። በአፋር ምድር ነገር የሚታወቀው በዳጉ ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ተቀምጠው ዝናቡንና ግጦሹን፣ ሞቱንና ሠርጉን በየተራ ይነጋገራሉ። ያየ ያየውን፣ የሰማ ደግሞ የሰማውን ይናገራል፤ አድማጩም በተራው ለሚያገኘው ሰው ያደርሳል። ስለዚህ ዳጉ ተራ ወሬ አይደለም፤ ተናጋሪው ታማኝነቱን የሚያሲዝበት ምስክርነት ነው።

እንግዲህ ከዚህች ከተማ አንዲት ሴት አሜሪካ ወዳለው ባሏ ልትሄድ አሰበች እንበል። ኒካሕ ታስሮላታል፤ ሽማግሎች ያውቃሉ፤ ዳጉ በየመንደሩ አዳርሶታል። የሀገራችን ሕግም ለእንዲህ ያለው ዕውቀት ዋጋ ሰጥቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት በሌለ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው፣ ዘመድና ጎረቤትም እንዲሁ አድርጎ የሚያያቸው መሆኑ በማስረጃነት እንዲቀርብ ይፈቅዳሉ። በአገር አቀፍ ደረጃ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ትዳር ግን ከመዝገቡ በፊት ነበረ።

ከቆንስላው ሲደረስ ሚዛኑ ይለወጣል። ባል አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ ያቀርባል፤ ገቢው ከድህነት መለኪያው 125 በመቶ እንደሚደርስ በአይ-864 ይፈርማል። ሚስት በተመደበላት ሐኪም ትመረመራለች፤ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ልውውጥ፣ የሐዋላ ደረሰኝ ትሰበስባለች። በመጨረሻም በአዲስ አበባ ኤምባሲ ከመስኮቱ ፊት ቆማ እንዴት እንደ ተዋወቁ፣ ሠርጉ ላይ እነማን እንደ ነበሩ፣ ባሏ በምን ሥራ እንደሚተዳደር ትጠየቃለች። በ1944 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የማስረዳቱን ሸክም ያስቀመጠው በአመልካቹ ጫንቃ ላይ ነው። እንደ ዳጉ ቢሆን አድማጭ አምኖ ይጀምርና ውሸት ሲያገኝ ይጠራጠራል፤ በዚያ ግን ተጠራጥሮ ይጀመራል።

ጥርጣሬው ከመሬት አልተነሣም። ለቪዛ ሲባል ብቻ የሚፈጸም ጋብቻ አለ፤ አንዱ ወገን ለገንዘብ፣ ሌላው ለወረቀት የሚፈራረምበት፣ አንዳንዴም አንዱ በቅን ልቦና ያፈቀረበትና የተታለለበት። በ1979 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ ሕግ ወደ ሀገሪቱ በገባበት ቀን ሁለት ዓመት ላልሞላው ትዳር የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለው መኖሪያ ፈቃድ ሰጥቶ፣ በመጨረሻዎቹ 90 ቀናት ባልና ሚስቱ እንደገና እንዲያመለክቱ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሕጉ ራሱ የአንድ ቀን ጥያቄ ልብን እንደማይገልጥ የተረዳ ይመስላል።

በቴአትር ሥራ የኖረ ሰው ከዚህ ላይ የሚለው አለው። ፍቅርን በመድረክ አሳምሮ የሚያሳየው ተዋናይ ያፈቀረ ሰው አይደለም፤ ቃሉን ያጠና ሰው ነው። ያፈቀረ ሰው ይረሳል፣ ይደነግጣል፣ ቀኑን ይሳሳታል። ስለዚህ ፈተናው ልምምድን የሚሸልም ከሆነ ሐሰተኛው ተዘጋጅቶ ሲያልፍ፣ እውነተኛዋ ዐይኗን ወደ መሬት ስለ ደፋች ልትወድቅ ትችላለች። ዐይን መስበር በአንዱ ሀገር ጭምትነት፣ በሌላው ማታለል ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ኦቴሎ እናስታውስ። ኦቴሎ ስለ ሚስቱ በዐይን የሚታይ ማስረጃ ጠየቀ፤ መሐረብ ቀረበለት። መሐረቡ በእርግጥ የእርሷ ነበር፤ ከመሐረቡ የተነበበው ግን ሐሰት ነበር። ማስረጃ ራሱ እውነት ሆኖ ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል።

ይሁን እንጂ ማኅበረሰቡን ከስሕተት ነጻ ማድረግ አይገባም። በአፋር አብሱማ በሚባለው ልማድ ወንድ የአባቱን እኅት ልጅ የማግባት ቅድሚያ አለው። በዚህ ልማድ ውስጥ ተፈቃቅደውና ተከባብረው የኖሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን መንደሩ ሁሉ «ተጋብተዋል» ብሎ ሲመሰክር፣ «አንቺስ ወደሽዋል?» ተብላ ያልተጠየቀች ልጅ ልትኖር ትችላለች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ያች ልጅ ብቻዋን ቆማ ስለ ትዳሯ በራሷ አንደበት የምትጠየቀው ለመጀመሪያ ጊዜ በባዕድ መስኮት ፊት ከሆነ፣ ሐፍረቱ የእኛ ነው።

እንግዲህ ትዳርን የሚመሰክረው ማን ነው? ወረቀት ውሉን፣ ጎረቤት አኗኗሩን ይመሰክራል። ፈቃዱን የሚያውቁት ግን ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ የሚያውቁት ከኖሩት በኋላ ነው። ይህ የዕውቀት ወሰን ፈራጁን ትሑት ሊያደርገው ይገባል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ አንድ ዜጋ የውጭ ሀገር ሰው የሆነ የትዳር ጓደኛው ወደ ሀገሪቱ እንዲገባለት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሠረታዊ መብት የለውም ብሏል። ፍርድ ቤት የማይመረምረው ሥልጣን ደግሞ ከኅሊና በቀር ልጓም የለውም። ሹሙ ሊጠይቅ ግድ ነው፤ ዳሩ ግን የሚፈልገው ያልተዛነፈ ተረክ ሳይሆን የኖረ ሰው ንግግር ይሁን። ባልና ሚስትም እውነታቸው ድኻ መስሎ ቢታያቸው በተዋሱት ታሪክ አያስጊጡት፤ ያልሆነ ሠርግ የደገሰ ሰው የሆነውን ትዳሩን ራሱ አስጠርጥሯልና። እኛም በሽማግሌነት የምንቀመጥ ሁሉ፣ «አውቃለሁ» ብለን ከመመስከራችን በፊት ሙሽራዪቱን እንጠይቃት።