ጥላ መፈለግ የኢማን ድክመት አይደለም

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ በማድረግ ላይ ሳሉ አንድ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ አዩ። ማን እንደሆነ ሲጠይቁ፣ አቡ ኢስራኢል እንደሚባል፣ ላይቀመጥ፣ ላይጠለል፣ ላይናገርና ሊጾም እንደተሳለ ነገሯቸው። እርሳቸውም እንዲናገር፣ እንዲጠለልና እንዲቀመጥ፣ ጾሙን ግን እንዲፈጽም አዘዙ። ሐዲሱን ቡኻሪ ዘግበውታል። ጾሙ ኢባዳ ነውና ጸና፤ በፀሐይ መንደዱ ግን ኢባዳ አልነበረምና ተሻረ።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። በከተማችን የጁሙዓ ሰጋጅ ከመስጊድ ሞልቶ ወደ አስፋልት መፍሰሱ የታወቀ ነው። በቅርቡ ካርቶን አንጥፈን ኹጥባው እስኪጀመር ስንጠባበቅ፣ ከፊቴ አንድ አልቢኖ ወጣት ፊቱን በጋዜጣ ጋርዶ ተቀምጦ ነበር። አንድ አባት «ልጄ፣ የጀሀነም እሳት ከዚህ ይብሳል፤ ሰብር አድርግ» አሉት። ልጁ አፍሮ ጋዜጣውን አጠፈ። የአባትየውን ኒያ አልጠራጠርም፤ ምክራቸው ግን ከዲኑም ከሕክምናውም ጋር የሚጣላ ነው።

ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን የተባለው ቀለም ከፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚከላከል ጋሻ ነው። አልቢኖ ሆኖ የተወለደ ሰው ይህ ጋሻ የለውም፤ ቢኖረውም እጅግ ጥቂት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ትገኛለች፤ ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። የአየሩ ቀዝቃዛነት ያዘናጋል እንጂ አያድንም። በአፍሪካ ብዙ አልቢኖዎች በወጣትነታቸው በቆዳ ካንሰር የሚቀጠፉት በዚሁ ነው። በሽታው ብዙውን ጊዜ በከንፈር፣ በጆሮ፣ በፊት ወይም በአንገት ላይ አልሽር ባለ ቁስል ይጀምራል። በጊዜ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ «ለምጽ ነው» እየተባለ ቤት ከተደበቀ ግን ይገድላል።

(ገንዘብ ከፍለው ቆዳቸውን ለማጥቆር በመብራት የሚጠበሱም አሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያንን መሣሪያ በ2009 እ.ኤ.አ. ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጦታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ማንጫ ቅባት ይቸበቸባል። አላህ የሰጠውን ቀለም የወደደ ጠፋ!)

ሙቀትን መሸሽ ነውር ቢሆን ኖሮ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሐጅ ጠጠር ሲወረውሩ ሰሓባ በልብስ ባላጠለሏቸው ነበር። ሙስሊም ይህን ከኡሙል ሑሰይን ዘግበዋል። ሙቀት ሲበረታ ዙህርን በረድ እስኪል እንድናዘገይ ያዘዙትም እርሳቸው ናቸው።

«የፀሐይ መከላከያ ቅባት ውዱዕ ያበላሻል» የሚሉ አሉ። ቅባት ውዱዕ አያፈርስም። ጥያቄው ውሃው ቆዳ ይነካል ወይ ነው። ውሃ የሚከለክል ንጣፍ ከሠራ ቀድሞ ይታጠባል፤ ካልሠራ ችግር የለውም። ሐኪሞችም ቢሆኑ በየ2 ሰዓቱና ከታጠቡ በኋላ እንደገና ተቀቡ ነው የሚሉት። ነገር ግን ቅባቱ ከሽቶና ከሊፕስቲክ ጎን ተደርድሮ ስለሚሸጥ ዋጋው ለድሃ ልጅ የሚቀመስ አይደለም። ሰደቃችን እዚህ ቢደርስ ምን አለበት?

ውስጥ ለተቀመጥነውም ሡረቱል ሙጃደላ አንቀጽ 11 በመቀመጫ ስለመሰፋፋት ነው የምትናገረው። የመስጊድ ኮሚቴዎች በግቢው ላይ ሸራ ይወጥሩ፤ እስከዚያው ባርኔጣ ያደረገውን፣ ጃንጥላ የዘረጋውን ሰው የሚቆጣ አይኑር።