የ4,000 ሰዓት ሒሳብ

 

ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል በዚህ ሰሞን እየበዛ የመጣ አንድ አለ። አገላለጹ ይለያያል፣ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ አዲስ የዩቲዩብ ቻናል ከፍቻለሁ። ክፍያ እስኪጀምር ድረስ በቴሌግራም ግሩፕ ሰብስክራይብ ብንለዋወጥ፣ ጓደኞቼም ቪዲዮዬን ድምፁን አጥፍተው ሌሊቱን ሙሉ ቢያጫውቱልኝ ምን ይሉኛል? ማንንም አልጎዳሁም።»

ዛሬ የምንነጋገረው በዚያች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። «ማንንም አልጎዳሁም» ማለት እውነት ነው ወይ?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ገንዘብ መፈለጋችሁ አያሳፍርም። ስለ ሪዝቅ ፍለጋ በንቀት የሚያወራ ሰው፣ ተመርቆ ሁለት ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠ ልጅ እናቱ ምሳ ስታቀርብለት ምን እንደሚሰማው አያውቅም ማለት ነው። ሱረቱል ጁሙዓ ራሷ ሶላቱ ሲጠናቀቅ ወደየሥራችን እንድንበተንና የአላህን ችሮታ እንድንፈልግ ታዘናለች። ግን የሱራዋን የመጨረሻ አንቀጽም አብራችሁ አንብቡ። መዲና ውስጥ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ ላይ ቆመው ሳለ የንግድ ቅፍለት ደረሰ፣ ሰዉም ወደዚያው ሮጠ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደዘገቡት መስጂዱ ውስጥ የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቁርኣኑ ያንን ሲያነሳ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠራል፦ ንግድንና ጨዋታን። የእናንተ ቻናል ደግሞ ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ንግድም ነው፣ ጨዋታም ነው። (ኹጥባ እየተደረገ ስልክ ከፍ አድርጋችሁ «ላይቭ ነን» የምትሉ ወንድሞች፣ ይህ አንቀጽ ለእናንተ ቀጥተኛ መልእክት ይመስለኛል። አደራ።)

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዩቲዩብ ከማስታወቂያ ገቢ ሊያካፍላችሁ የሚጠይቀው 1,000 ሰብስክራይበርና ባለፉት 12 ወራት ውስጥ የተገኘ 4,000 የዕይታ ሰዓት ነው። በሾርትስ በኩል ከሆነ ደግሞ በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን ዕይታ። ከተመልካች በቀጥታ ድጋፍ ለመቀበል የሚያስችል ዝቅ ያለ ደረጃም አለ፣ 500 ሰብስክራይበርና 3,000 ሰዓት። ሰዓቱ «ትክክለኛ» እና ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ቪዲዮ የመጣ መሆን አለበት። በማስታወቂያ ዘመቻ ያመጣችሁት ወይም ከሰረዛችሁት ቪዲዮ የነበረው አይቆጠርም። ደረጃው ላይ ስትደርሱ ከረጅም ቪዲዮ የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የእናንተ ነው። ሒሳባችሁ 100 ዶላር እስኪሞላ ግን አይላክላችሁም።

4,000 ሰዓት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ሰው በአማካይ 4 ደቂቃ ቢቆይላችሁ 60,000 ጊዜ መታየት አለባችሁ። ብዙዎቻችሁ ቁጥሩን የምታዩት እንደ ግድግዳ ነው፣ እንዴት ልዝለለው እያላችሁ። እስቲ በሌላ በኩል ተመልከቱት። 4,000 ሰዓት ሌሊትና ቀኑን ጨምሮ ከ166 ቀን በላይ ነው። አምስት ወር ተኩል የሚያህል የሰው ዕድሜ! ያውም የእናንተ ዕድሜ አይደለም። የቂያማ ቀን ሰው እግሩ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ከሚጠየቅባቸው ነገሮች መካከል ዕድሜውን በምን እንዳሳለፈው መሆኑን ከሐዲሱ ታውቃላችሁ። ተመልካቹ ስለዚያች አራት ደቂቃ ይጠየቃል። እናንተ ደግሞ ከሰው ዕድሜ ላይ ስለወሰዳችሁት 240,000 ደቂቃ፣ በምትኩ ምን እንደሰጣችሁ።

ከዚህ በኋላ ቁጥሩን በውሸት መሙላት ምን ማለት እንደሆነ ማየት አይከብድም። የፊቅህ ኪታቦችን የቀራችሁ «ተስሪያ» የሚባለውን ታስታውሳላችሁ። ሻጩ በጓን ወይም ግመሏን ለገበያ ሊያወጣት ሲል ሁለት ሦስት ቀን ሳትታለብ ይተዋታል። ጡቷ ይወጠራል፣ ገዢውም ብዙ የምታልብ መስሎት ይገዛታል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን ከልክለዋል፣ የተሸወደውም ገዢ አልቦ ካያት በኋላ እንዲይዛት ወይም ከአንድ ቁና ተምር ጋር እንዲመልሳት ምርጫ ሰጥተውታል። ልብ በሉ፣ ሻጩ አንድም የውሸት ቃል አልተናገረም። ወተቱም ወተት ነው። የዋሸው የጡቱ መጠን ነው።

«ነጅሽ» የሚባለውም አለ። አንድ ሰው መግዛት ሳይፈልግ ዋጋ እየጨመረ ይጫረታል፣ ሌላው ዕቃው ተፈላጊ እንዲመስለው። ይህም የተከለከለ ነው። እንግዲህ ማየት የማይፈልጉትን ቻናል ሰብስክራይብ እየተደራረጉ መለዋወጥ ከዚህ በምን ይለያል? መግዛት የማይፈልግ ሰው እጁን አውጥቷል።

«የሚጎዳው ግን ማን ነው? ዩቲዩብ እንደሆነ ሀብታም ነው» ትሉኝ ይሆናል። በመጀመሪያ፣ የሀብታም ሐቅ ሐቅ ነው። ቻናሉን ስትከፍቱ የተስማማችሁበት ውል የሐሰት ሰብስክራይበርንና መለዋወጥን ይከለክላል፣ ሙስሊም ደግሞ በገባው ውል ይታሰራል። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ እዚያ አያቆምም። ነገ አንድ የመርካቶ ነጋዴ «ስንት ተከታይ አለህ?» ብሎ ይጠይቃችኋል፣ ስክሪን ሹት ትልካላችሁ፣ በዚያ ቁጥር ተማምኖ ለአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ገንዘብ ይከፍላል። ከሺው ውስጥ ስምንት መቶው የእናንተን ቋንቋ እንኳን የማይሰሙ ከሆኑ፣ ያ ሰው ያልታለበች ላም ገዝቷል። አጠገባችሁም በወር ሃያ ሰው ብቻ እየጨመረች በሐቅ የምትሠራ እህት አለች፤ ነጋዴው እሷን ትቶ እናንተን የመረጠው በቁጥሩ ነው። «ማንንም አልጎዳሁም» የምንለው ብዙ ጊዜ የተጎዳውን ሰው ፊት ስላላየን ነው።

አክስታችሁ፣ የሰፈር ጓደኛችሁ ወይም የመድረሳ ባልደረባችሁ «ተከታተሉኝ» ስትሏቸው ደስ ብሏቸው ቢከታተሉ ምንም ነውር የለበትም። ምርቃት ነው። መለያው ያ ሰው ነገ ቪዲዮ ስታወጡ ሊያይ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ስለዚያ ሽፋን ስዕል፣ ታምብኔል ስለምትሉት። ሐዲሱ የታወቀ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ሲያስገቡ ጣታቸው እርጥበት ነካ። ባለቤቱን ጠየቁት፤ ዝናብ አግኝቶት ነው አላቸው። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት፣ ከዚያም የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደነግጠኝ ሰውየው እህሉን አለማርጠቡ ነው። ዝናቡ ነው። በርበሬ ውስጥ ሸክላ እንደሚፈጨው፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ እንደሚቀላቅለው ዓይነት ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ደረቁን ከላይ፣ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ብቻ ነው። ታምብኔል ማለት ደግሞ በትክክል «ከላይ ምን ላድርግ» የሚል ውሳኔ ነው። ቪዲዮው ውስጥ የሌለ እንባ፣ ያልሞተ ሰው ፎቶ፣ «ጉድ ፈላ!» ተብሎ በቀይ የተጻፈ፣ ውስጡ ሲገባ ግን የሁለት ደቂቃ ወሬ። እሱንም ስምንት ደቂቃ ለማድረስ መጎተት፣ ምክንያቱም ከ8 ደቂቃ ጀምሮ መሐል ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል። ስለ ሟች የሚወራውማ ሌላ ወንጀል ነው፣ ራሱን የቻለ ጁሙዓ ይፈልጋል።

«እውነተኛውን ብለጥፍ ማንም አይጫነውም» የሚል አለ። ሊሆን ይችላል። ይህን ልደብቃችሁ አልችልም፦ በሐቅ የሚሠራ ቻናል ሊዘገይ ይችላል፣ አንዳንዱም ጨርሶ ላያድግ ይችላል። ታማኝ ነጋዴ ሁሉ ሀብታም ይሆናል የሚል ቃል ኪዳን በዲናችን አላውቅም። የስልክ ጥገና የሚያሳይ ወንድም «የቻርጀር መግቢያ እንዴት እንደሚጸዳ» ብሎ በቀጥታ ቢጽፍ ስልኩ እምቢ ያለው ሰው ፈልጎ ያገኘዋል፣ ግን ዛሬ ማታ አይደለም። ከዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። ያንን ዓመት መታገሥ የማትችሉ ከሆነ ቻናሉን በትርፍ ሰዓት ያዙት፣ ለዳቦው ሌላ ሥራ ፈልጉ። በዳቦ የተጨነቀ ሰው የሚሠራው ታምብኔል ሐቀኛ ለመሆን ይቸገራል።

የሚወጣው ማስታወቂያ ሐራም ቢሆንስ? በዚህ የዘመናችን ዑለማዎች አስተያየት ይለያያል፤ እኔ ከዚህ ፈትዋ አልሰጥም፣ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ። ማድረግ የምትችሉትን ግን ልንገራችሁ። በአድሴንስ ውስጥ የማትፈልጉትን የማስታወቂያ ዓይነት የምትዘጉበት ቦታ አለ፣ ገብታችሁ ዝጉ። ሁሉንም ላያጣራ ይችላል፣ የምትችሉትን ማድረግ ግን የእናንተ ድርሻ ነው። በራሳችሁ አፍ የምታነቡት ስፖንሰር ግን ከዚህ ውጭ ነው። ቤቲንግን «ዕድላችሁን ሞክሩ» ብሎ ለወጣት ያስተዋወቀ ሰው «ዩቲዩብ ነው ያመጣው» ማለት አይችልም።

ደዕዋ የምትሠሩ ደግሞ «ክፍያው ኒያዬን ያበላሽብኛል ወይ?» ትላላችሁ። በሐጅ ጊዜ መነገድ እንኳን ተፈቅዷል። ገንዘብ መምጣቱ ብቻውን ኒያን አያጠፋም። እኔ የምፈራላችሁ ሌላውን ነው፦ ሱጁድ ላይ ሆኖ «ቪው ስንት ደረሰ» የሚለውን፣ ወይም ከተመልካች ቁጥር የተነሳ የሐዲሱን ከባድ ክፍል ቆርጦ ቀላሉን ማስቀረትን። እሱን ከእናንተና ከአላህ ሌላ ማንም አያውቀውም።

አንድ የቀረ ነገር፣ ትንሽ የሚመስል። አንዳንዶቻችሁ የክፍያውን አካውንት ውጭ ባለ ዘመድ ስም ትከፍታላችሁ፣ ሳዑዲ ባለች እህት ወይም አሜሪካ ባለ አጎት። መጀመሪያ አሠራሩ በውሉ የሚፈቀድ መሆኑን አጣሩ። ከዚያ በኋላ ዛሬውኑ፣ ገና አንድ ዶላር ሳይገባ፣ ገንዘቡ የማን እንደሆነ፣ እሱ ለድካሙ ስንት እንደሚወስድ፣ ግብሩን ማን እንደሚከፍል፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትሞቱ ቻናሉ ለማን እንደሚሆን ጻፉ፣ ሁለት ሰውም ይመስክር። ዕዳን እንድንጽፍ የታዘዝነው በሱረቱል በቀራ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ በረጅሙ ነው። «ከአጎቴ ጋርማ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የምትሉ ከሆነ፣ ወረቀት የሚያስፈልገው ከእሱ ጋር ነው። ከባዕድ ጋር ብትጣሉ ገንዘብ ነው የሚጠፋው።

ወላሁ አዕለም።