ከግሳቱ በኋላ ስንት ሰከንድ?

ቪዲዮ እየቆረጠ የሚገጣጥም ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሁለት ቁጥሮችን ሳይወስን አያልፍም። ከተፈለገው ድምፅ በፊት ስንት ሰከንድ ይቀመጥ? ከድምፁ በኋላስ ስንት? ድምፁ ጎል ሲገባ የሚሰማ ጩኸት ከሆነ ማንም አይጨነቅም፤ ከፊት አስር፣ ከኋላ አምስት ትሰጠዋለህ፣ አለቀ። እኔን ያስቸገረኝ ድምፅ ግሳት ነው።

አዎ፣ ግሳት። ሐይቅ ከተማ ሠርግ የሚቀርጽ ጓደኛ አለኝ። ጥር ሲገባ ከተሁለደሬ እስከ አምባሰል ድንኳን ለድንኳን ሲዞር ይከርማል። በየሠርጉ አምስትና ስድስት ሰዓት ይቀርጻል፤ ባለሠርጎቹ የሚወስዱት አንድ ሰዓት ተኩሉን ነው፤ የቀረው ሃርድ ዲስክ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከዚህ ክምችት ውስጥ ሰዎች በልተው ሲያገሱ የተቀረጸውን ብቻ ለቅሞ አንድ ቪዲዮ መሥራት አማረው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በዓለም ሞልቷል፤ ሰው ሲያስነጥስ፣ ሲወድቅ፣ ሲያገሳ እየተገጣጠመ ይታያል። ፕሮግራሙን እኔ ጻፍኩለት።

ሥራው ከባድ አይደለም። ግሳት ወፍራም ድምፅ ነው፤ የድምፁን ሞገድ ስታየው ታችኛው ፍሪኩዌንሲ ድንገት ያብጣል። ፕሮግራሙ ያበጠውን ቦታ ፈልጎ ሰዓቱን ይመዘግባል፣ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው መሣሪያ ይቆርጣል። (ከበሮንም ግሳት ነው ብሎ ያመጣል፤ እሱን በእጅ ለቀምን።) ከፊት ግማሽ ሰከንድ፣ ከኋላ ግማሽ ሰከንድ ብለን ሞከርነው። የወጣው ነገር ያስቃል፣ አልዋሽም። አፍ ይከፈታል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ሌላ አፍ ይተካል። ከጀርባ የሚጫወተው የአምባሰል ቅኝት ሳይቀር እየተቆራረጠ ይንተባተባል። አስረኛው አፍ ላይ ስትደርስ ግን ሳቁ መልኩን ይቀይራል። ፊቶቹ ይጠፉና የሚበላ ነገር ብቻ ይቀራል።

ምን እንደጎደለ ለማወቅ ዋናውን ቅጂ መልሶ ማየት ይበቃል። በእኛ አገር ማዕድ ላይ ግሳት ብቻውን አይመጣም። ሰውየው ያገሳል፤ በእጁ ጀርባ አፉን ይነካል፤ ከዚያ ክርስቲያን ከሆነ «ተመስገን»፣ ሙስሊም ከሆነ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። አጠገቡ ያለ ሰው ወይም የምታስተናግደው ሴት «ይስማማዎት» ትለዋለች። ሁሉም ተደምሮ ሦስት አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ግማሽ ሰከንድ ላይ ስንቆርጠው ያስቀረነው ሰውየው ሳያስበው ከሆዱ የወጣውን አየር ነው፤ የጣልነው አስቦ የተናገረውን ነው።

ያው ድምፅ ቦሌ አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ቢሰማ ተከትሎት የሚመጣው ቃል «ይቅርታ» ነው። ድምፁ አንድ ነው፣ ቃሉ ሁለት። ቆራጩ ቃሉን ሲጥል ክፍተቱ ባዶ አይቀርም፤ ተመልካቹ የራሱን ይሞላበታል። ስልኩን ይዞ የሚያየው የከተማ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ይቅርታ ነው፤ ይቅርታው ሳይሰማ ሲቀር «ባለጌ» ብሎ ያልፋል። ሰውየው ግን እያመሰገነ ነበር።

ነገሩን ከልክ በላይ እንዳላሳምረው እፈራለሁ። ቲርሚዚ ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ ፊታቸው ያገሳን ሰው መገሠጻቸው፣ ጥጋብ ማብዛትንም ከመጪው ዓለም ረሃብ ጋር ማያያዛቸው ተዘግቧል። ወሎ ውስጥ ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሼሆች አሉ። ሰዉ ግን ያገሳል፣ አግስቶም ያመሰግናል። ቋንቋው ራሱ ብዙም አያፍርበትም፤ አንበሳም እንግዳም የሚያገሱት በአንድ ግስ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ባስተማሩበት አገር፣ የአብነት ተማሪ ይህን ድምፅ ቢያገኝ «አንድም» እያለ ይፈታው ነበር። ግሳት የጥጋብ ነው። አንድም የለስላሳ ጋዝ ነው። አንድም ሕፃን ጠብቶ እናቱ ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ያስገሳችው ነው፤ እዚያ ሲሆን የምሥራች ነው። አንድም ጸበል ቦታ የሚሰማ ነው፤ የመንፈስ ምልክት ነው የሚሉ አሉ። አንድም የጨጓራ ነው፣ ሳይበሉ የሚመጣ፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል። ለፕሮግራሙ አምስቱም አንድ ናቸው።

ከክምችቱ ውስጥ አንዲት እናት አሉ። ደረታቸውን ይዘው ሦስት ጊዜ ያገሳሉ፤ ምግቡ ገና አልቀረበም። ግማሽ ሰከንድ ላይ ከተቆረጡ ከሁሉም የሚያስቁት እሳቸው ናቸው። ረዘም ቢደረግላቸው ደግሞ ሕመማቸው ይታያል፣ ልጃቸው በስማቸው ስትጠራቸው ይሰማል፤ ሐይቅ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ዐውድ ሲጨመር ትርጉም ይስተካከላል ብዬ ስሄድ፣ ዐውድ ሲጨመር ሰው እንደሚጋለጥም አየሁ። ያው ተጨማሪ አምስት ሰከንድ ለአንዱ ክብር ይመልሳል፣ ለሌላው ገመና ያወጣል።

አምባሰል ውስጥ ስለ መቁረጥ ተወርቶ ውጫሌን ሳያነሱ ማለፍ አይሆንም መሰለኝ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመው ውል 20 አንቀጾች ነበሩት፤ ጣሊያን ለአውሮፓ መንግሥታት ስታሳውቅ የመዘዘችው 17ኛውን ነው። እሱ ግን ሌላ ዓይነት በሽታ ነው። የአማርኛው «ይቻላቸዋል» በጣልያንኛው ግዴታ ሆኗልና ሃያውንም ብታነብላቸው የሚለወጥ ነገር የለም። የእኛ ጣጣ ከዚያ ይልቅ ለሌላ የወሎ ታሪክ ይቀርባል።

እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ መስከረም 1 ቀን 1967 በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረበው፤ ግን እንዳለ አይደለም። በሚያልቁት ሰዎች ምስል መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚታዩበት ምስል ተሰካ። በማግስቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። ሩሲያዊው ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድን ተዋናይ ያልተለወጠ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጎን ሰክቶ ያሳየው ነገር እዚህ አገር መንግሥት ሲለወጥ ሠራ።

ከእነዚያ ምስሎች አንዱም ፈጠራ አልነበረም። ግብዣውም ተደርጓል፣ ሰዉም አልቋል። ሲገጣጠሙ የተናገሩት ሦስተኛ ነገር፣ «እናንተ ስትራቡ እነሱ ይበሉ ነበር» የሚለው፣ ውሸት ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም፤ ረሃቡ ተሸፍኖ ነበርና። ስለዚህ «ከዐውዱ የተቆረጠ ሁሉ ሐሰት ነው» የሚለው ቀላል መልስ አያዋጣኝም። ለንጉሡም አልቆረቆርም፤ ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት ራዲዮና ጋዜጣ ለአሥርተ ዓመታት በእጃቸው ነበር። የምቆረቆረው ለወሎው ሰው ነው። በዚያች ምሽት ቅንብር ውስጥ እሱ የሌሎች ክርክር ማስረጃ ነው። ሳይራብ በፊት ምን ያርስ እንደነበር፣ ጠግቦ ሲያገሳ ምን ይል እንደነበር ማንም እንዲያይለት አልተፈለገም። በ1977 ሞሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል ደግሞ ዓለምን ዞረ። ብዙ ሕይወት ያተረፈ ምስል ነው፣ አልክድም። ከዚያ ወዲህ ግን ካሜራ ፊት ወሎ ሲባል ባዶ ሆድ ነው።

የጓደኛዬን ሐሳብ ተራ ቂልነት ነው ብዬ ያላጣጣልኩት ለዚህ ነው። የወሎ ሽማግሌዎች ጠግበው ሲያገሱ የሚያሳይ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ግማሽ ሰከንድ ላይ ከቆረጥነው የተራበውን ሰው ወስደን ሆዳም ማድረጋችን ነው። ያኔም አፍ፣ አሁንም አፍ።

ጓደኛዬ በበኩሉ ሞኝ አይደለም። «ይረዝማል» አለኝ፣ «ሰው ሦስተኛው ሰከንድ ላይ አውራ ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ ሙሉ ዐውድ ከፈለግክ ስድስት ሰዓቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለልህ፣ ማንም ግን አያየውም።» መልስ የለኝም። ያልተቆረጠ ነገር የሚታይበት አገር የለም። ጥያቄው መቁረጥ አለመቁረጥ ሳይሆን ቢላዋው ከየት በኩል ይግባ ነው።

ከፊት ምንም አያስፈልግም አልን፤ ሲሦ ሰከንድ ለመተንፈሻ ያህል ብቻ። ከፊት ያለው ማኘክ ነው፣ ሲበላ የሚታይ ሰው ደግሞ ደስ አይለውም፤ ዐይን ይገባል እየተባልን ነው ያደግነው። ለኋላው ግን ቁጥር አልሠራም። አንዱ ወዲያው ያመሰግናል፣ ሌላው ቀና ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ ነው። ስለዚህ የኋላውን ከፕሮግራሙ አወጣሁትና በእጅ መቁረጥ ጀመርን፤ ምስጋናው እስኪያልቅ። ርዝመቱን ለመቆጠብ የአንዱን ምስጋና በሚቀጥለው ሰው ምስል ላይ አስደገፍነው፤ ቪዲዮ አቀናባሪዎች ኤል ከት የሚሉት ነው። የአንዱ «አልሐምዱሊላህ» ሳያልቅ የሌላው አፍ ይከፈታል፣ የሱ «ተመስገን» ደግሞ ቀጣዩ ላይ ያርፋል። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዶ በአንድ ድንኳን የተበላ ነውና ድምፁም ባይለያይ ምን አለ። ሌላም ጥቅም አለው፦ ቪዲዮውን አውርዶ ግሳቱን ብቻ ሊመዝ የሚሞክር ሰው ምስጋናው ተጣብቆበት ይወጣል።

ጓደኛዬ ሲያየው «መንዙማ አደረግከው» ብሎ ሳቀብኝ።

ፈቃድ የመጠየቁ ነገር ደግሞ አለ። ባለሠርጉ ለቀረጻ ከፈለ ማለት እንግዳው ፈቀደ ማለት አይደለም። ጓደኛዬ እየደወለ፣ የማይደወልላቸው ዘንድ እየሄደ ጠየቀ። እምቢ ያሉ አሉ፣ ወጡ። ደረታቸውን የያዙትን እናት እኔው ነኝ ይውጡ ያልኩት፤ ሳይጠየቁ፣ ምክንያቱም ጥያቄው ራሱ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «ሲያምዎት አይተናል» ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ መልሰው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ተመስገን ስል ይታያል ወይ?»

ያልተስማማንበት አንድ ቁራጭ ቀርቷል። ቆብ ያደረጉ፣ ፂማቸው የነጣ ሰው ናቸው። ያገሳሉ፤ ቀጥሎ ምንም አይሉም። ካሜራው አልተንቀሳቀሰም። ዘጠነኛው ሰከንድ አካባቢ ከፊታቸው የቀረውን እንጀራና ሥጋ በቀኝ እጃቸው ሰብስበው ጎናቸው ወደተቀመጠው ልጅ ይገፉታል። ጓደኛዬ ዘጠኙ በዛ፣ ስድስት ላይ ይቆረጥ ይላል። እኔ አሥራ ሁለት ድረስ ይሂድ ባይ ነኝ፤ ልጁ የሚጎርሰው እዚያ ላይ ነው።